ያጠረውን የውድድር ዘመን በፍትሕ ስለ መደልደል

በፎገራ ሜዳ የኳስ ጨዋታን ዘመን የሚወስነው ውሃ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ የተቀበሉትን የክረምት ጎርፍ ይዘው ወደ ጣና ሲወርዱ፣ ከወረታ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ዳር የተዘረጋው ጥቁር አፈር ውሃ ቋጥሮ የሩዝ ማሳ ይሆናል፤ ሩዙም በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ተወቅቶ እስኪነሣ ድረስ ልጆች በበጋ ኳስ የሚያንከባልሉበት መሬት የገበሬው እንጂ የተጫዋች አይደለም። ከሜዳው ከፍ ብላ በደራ ወረዳ የምትገኘው አንበሳሜም ጎርፉ ባይደርስባት ጭቃው አይቀርላትም። ስለዚህ በዚህ አገር ያደገ ሰው፣ ውድድር ማለት በሁለት ወሰን መካከል የታጠረ ጊዜ መሆኑን፣ ጊዜውም ሲጠብ ከጨዋታው አንዱን ክፍል መተው ግድ እንደሚሆን፣ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። የሚቸግረው የትኛውን መተው እንደሚገባ ማወቁ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንበሳሜ ከተማ በአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ አንድ የስፖርት መምህር ሰባት የለስላሳ ቆርኪዎችና አንዲት ጠጠር ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ወጣቶቹ ዙሪያውን ከበው አንገታቸውን አስግገው ሲመለከቱ አየሁ። ቆርኪዎቹ ሊወዳደሩ የተመዘገቡት ቡድኖች ነበሩ፤ በየአንዳንዳቸውም ላይ የቡድኑ ስም መነሻ ፊደል በእስክሪብቶ ተጽፎባቸዋል። ለውድድሩ የተገኘው ጊዜ ከዳግም ትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሰባት እሑዶች ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ያለው ጾም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዝናብ ነውና።

“መምህር፣ ጥሎ ማለፍ ይሁንና በሦስት እሑድ እንገላገል” አለ አንዱ።

“እንገላገላለን፤ ነገር ግን ሦስት ቡድኖች በመጀመሪያው እሑድ ጫማቸውን ሰቅለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ዓመቱን ሙሉ የተለማመደ ልጅ በአንድ ቀን ይፈረድበት?” አለ መምህሩ።

ሌላው ደግሞ እንደ ትልልቆቹ በደርሶ መልስ ይሁን ብሎ ተከራከረ። ደርሶ መልስ 42 ጨዋታ ይጠይቃል፤ እሑዶቹ አይበቁም። መምህሩ ነገሩን በቃል ከመከራከር በእጁ ማሳየትን መረጠ። ቆርኪዎቹንና ጠጠሯን በሁለት ረድፍ አራት አራት አድርጎ ፊት ለፊት አቆማቸው። ጠጠሯ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ፊት ለፊት የተያዩት ቆርኪዎች ይጋጠማሉ፤ በጠጠሯ አንጻር የቆመው ግን የዚያ እሑድ አራፊ ነው። እሑዱ ሲያልፍ ጠጠሯን ትቶ ሰባቱን ቆርኪ በአንድ አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ያዞራቸዋል። ሰባት ጊዜ በዞሩ ጊዜ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ተገናኝቶ፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ዐርፎ፣ 21 ጨዋታ ሞላ፤ በሰባቱም እሑዶች አንድ የባከነ ቀን አልተገኘም። ወጣቶቹ ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ፣ አንደኛው ቆርኪዎቹን ወደ መነሻቸው መልሶ በራሱ እጅ ማዞር ጀመረ።

መምህሩ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ “ጋሼ፣ ሊጉም እኮ በዚሁ ነው የሚሠራው፤ የኛ ሰባት የነርሱ ዐሥራ ሦስት ሆነ እንጂ” አለኝ። እውነቱን ነበር። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በታሪኩ ባልተለመደ አኳኋን በ13 ክለቦች፣ በአምስት ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄድ ነበር፤ በሰንጠረዡም አናት የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ተቀምጦ፣ ከአንበሳሜ እስከ ወረታ፣ ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን ያለው ወጣት ሁሉ የዋንጫውን ቀን ይጠባበቅ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አንድ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የ2012 ዓ.ም. ሊግ የተጀመረው በ16 ክለቦች ነው። እያንዳንዱ ክለብ ከቀሩት 15 ጋር አንድ ጊዜ በሜዳው፣ አንድ ጊዜ ከሜዳው ውጭ ስለሚገናኝ፣ ለአንድ ክለብ 30፣ በጠቅላላው 240 ጨዋታ ይደርሳል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ሊጉ 17ኛውን ሳምንት አጠናቆ ነበር፤ መሪውም ፋሲል ከነማ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሜዳዎች ተዘጉ። ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ ውድድሩ እንዳልተደረገ እንዲቆጠር፣ ሻምፒዮንም ወራጅም እንዳይኖር ተወሰነ። ባለፈው በ2011 ዓ.ም. በመጨረሻው ቀን ዋንጫውን ለመቐለ 70 እንደርታ ላስረከበው ፋሲል፣ ይህ ሁለተኛ ኀዘን ሆነበት።

በዚያው ወራት በመላው ዓለም ያሉ የስፖርት አስተዳዳሪዎች በአንድ ጥያቄ ተጨንቀው ነበር። ጀርመኖች ጥቂት ታግሠው በግንቦት ያለ ተመልካች ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ፈረንሳዮች ያገኙትን ነጥብ በተጫወቱት ጨዋታ ብዛት አካፍለው ለፓሪስ ሴን ዠርመን ዋንጫ ሰጡ፤ አሚያንና ቱሉዝንም ወደ ታች አወረዱ። ሆላንዶች አያክስ በግብ ልዩነት እየመራ ሳለ ያለ ሻምፒዮን ዘመኑን ዘጉ። ሦስቱም ውሳኔ የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ ሦስቱም ግን አንድ ጉድለት ያስተባብራቸዋል፤ የተወሰኑት ችግሩ ከደረሰ በኋላ፣ ማን ተጠቃሚ ማን ተጎጂ እንደሚሆን ሰንጠረዡ ላይ እየታየ ነው።

የእኛን 17 ሳምንት በዚህ ዓይን ብንመረምረው አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። በ16 ክለቦች ሊግ የመጀመሪያው ዙር የሚያልቀው በ15ኛው ሳምንት ነው፤ በዚያ ቀን ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ተገናኝቷልና ሰንጠረዡ የተስተካከለ ሚዛን ነው። በ17ኛው ሳምንት ግን አንዱ ክለብ ከብርቱዎች ጋር ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ከደካሞች ጋር ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ሊሆን ይችላል፤ ሚዛኑ አዘንብሏል። “ሊጉ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ቢቋረጥ፣ ሁሉም ክለቦች እኩል የተገናኙበት የመጨረሻው ዙር ሰንጠረዥ ይጸናል” የሚል አንድ አንቀጽ ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ማንም የሚያጉረመርም አይገኝም ነበር። አንቀጹ ስላልነበረ መሰረዙ ትክክለኛ ፍርድ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ልቤ ለጎንደር እያደላም ቢሆን ይህን እመሰክራለሁ። ካልተጻፈ ሕግ የሚመነጭ ዋንጫ ለባለ ዋንጫውም ክብር አይሆነውም።

በ2013 ዓ.ም. ችግሩ ተደራረበ። ወረርሽኙ አልለቀቀም፤ ጥቅምት 25 ቀንም በሰሜን ጦርነቱ ፈነዳ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከውድድሩ ውጭ ሆኑ። ሦስት ክለቦች በአንድ ጊዜ የጎደሉበት ሊግ፣ ታሪኩን ሲጽፍ ይህን በግርጌ ሊያልፈው አይገባም፤ የዚያ ዓመት መርሐ ግብር መነሻው ይህ ሐዘን ነውና። በቀሩት 13 ክለቦች ታኅሣሥ 3 ቀን ተጀምሮ ግንቦት 20 ቀን ተፈጸመ።

ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። 13 ክለቦች በሁለት ዙር 156 ጨዋታ ይኖራቸዋል፤ ቁጥራቸው ጎዶሎ ስለ ሆነ በየሳምንቱ አንዱ ያርፋል፤ ስለዚህ ስድስት ስድስት ጨዋታ ያላቸው 26 ሳምንታት ያስፈልጋሉ። በካላንደሩ ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የነበሩት እውነተኛ ሳምንታት 24 ብቻ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ የብሔራዊ ቡድኑ ጊዜ መቀነስ ነበረበት፤ መጋቢት 15 ቀን ዋልያዎቹ በባሕር ዳር ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፉት፣ ከዚያም በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፋቸውን ያረጋገጡት ሊጉ ቦታ ለቆላቸው ነው። ከተማ ከመቀየር የሚመጣው የጉዞ ጊዜም አለ። እንግዲህ መርሐ ግብር አውጪው ክለቦቹን ከሰባት ቀን ባነሰ ዕረፍት ማጋጠም ግድ ሆነበት።

በዚህ ላይ ሌላ ዘመን አቆጣጠር ተደርቦ ነበር። በዘመነ ማቴዎስ በ2013 ዓ.ም. መጥቅዕ 13 ወጥቶ መባጃ ሐመሩ 15 ስለ ሆነ፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ገብቶ፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ዋለ። የሙስሊሞች የረመዳን ጾም ደግሞ ሚያዝያ 5 ጀመረ። ስለዚህ ከሊጉ ዘመን ከሲሶ የሚበልጠው በአንዱ ወይም በሌላው ጾም ሥር አለፈ ማለት ነው፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ተጫዋቾች እኩሌቶቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኩሌቶቹ እስከ ፀሐይ መግቢያ ሳይቀምሱ የሚውሉበት ወቅት ነበር። የባሕረ ሐሳብን ሊቃውንት የማደንቀው ለዚህ ነው፤ እነርሱ አንድን በዓል ከቦታው ሲያንቀሳቅሱ ከርሱ ጋር የተያያዙት ሁሉ በምን ያህል ቀን እንደሚንቀሳቀሱ አስቀድመው በሕግ አስረውታል። ትንሣኤ ወደ ፊት ቢመጣም ወደ ኋላ ቢሄድም፣ ከነነዌ እስከ ትንሣኤ 69 ቀን ነው፤ ማንም አይከራከርም። የእኛ ሊግ እንዲህ ያለ ሥርዐት ጎደለው።

አምስቱ ከተሞች አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። ክለቦች ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንታት ይጫወታሉ፤ ከዚያም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። ይህም ከበሽታው መዛመት ይጠብቃል፣ በየሳምንቱ አገር ለአገር መጓዝን ያስቀራል፤ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ ማሳየት ለጀመሩት ባለ ካሜራዎችም ሥራውን አቀለለ።

በወረታ መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት፣ ፋሲል በሚጫወትበት ቀን፣ ከሩዝ መፈልፈያው የወጡ ሠራተኞች ጠጉራቸውና ቅንድባቸው በገለባ አቧራ ነጥቶ፣ ከሚኒባስ ረዳቶችና ከተማሪዎች ጋር በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ከኋላ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አረጋዊ ነበሩ፤ ከጎናቸው የተቀመጠው ብላቴና፣ “አባባ፣ ዛሬ ባለሜዳው ማን ነው?” ብሎ ጠየቃቸው።

“ባለሜዳስ የለም ልጄ፤ ሁሉም እንግዳ ነው” አሉት።

በስክሪኑ ላይ ግን ከሁለቱ ቡድን አንዱ በባለሜዳነት ተመዝግቦ ነበር። መርሐ ግብሩ በወረቀት ላይ ባለሜዳና እንግዳ ይላል፤ ሜዳው ግን የሁለቱም አይደለም። ፋሲል ከነማ ያን ዘመን ሙሉ በጎንደር በፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው ሻምፒዮን የሆነው። ሊጉ ባሕር ዳር በገባ ጊዜ ግን፣ ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር የማይሞላውን መንገድ ለመጓዝ ወጣቱ በሚኒባስ ተጋፍቶ ሄደ፤ ለብዙዎቹ ክለባቸውን ለማየት በቅርብ ያገኙት አጋጣሚ እርሱ ነበርና።

እዚህ ላይ የአደላደሉን ፍትሕ በጥንቃቄ መመርመር ይገባል። በአምስቱ ከተሞች ውስጥ የሚኖሩ ክለቦች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በአዲስ አበባ፣ ጅማ አባ ጅፋር በጅማ፣ ባሕር ዳር ከነማ በባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ከነማ በድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ከነማና ሲዳማ ቡና በሐዋሳ ሲጫወቱ፣ በራሳቸው አልጋ ተኝተው፣ በሚያውቁት ሣር ላይ፣ በሚያውቁት አየር ይጫወታሉ። ፋሲል፣ ወላይታ ድቻ፣ ሀዲያ ሆሳዕና፣ ወልቂጤ ከነማና አዳማ ከነማ ግን ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት በሆቴል ነው የኖሩት። ይህ ጽዋው በአምስት አባላት ቤት ብቻ እየዞረ፣ የቀሩት ግን መዋጮ እየከፈሉ ሁልጊዜ እንግዳ ሆነው የሚቀመጡበትን የጽዋ ማኅበር ይመስላል። በእርግጥ በአምስቱ ከተሞች የተገኘው የሜዳ ጥቅም ጥቂት ሳምንት ነው፤ ተመልካቹም በበሽታው ምክንያት የተወሰነ ነበር። ነገር ግን ጥቂት መሆኑ አለመሆን አይደለም፤ ሊለካና በሌላ ነገር ሊካካስ ይገባው ነበር።

ሁለተኛው እንከን ከጎዶሎው ቁጥር ይመጣል። 13 ክለቦች ሲሆኑ በመጨረሻውም ሳምንት አንድ ክለብ ያርፋል። ያ ክለብ ከመውረድ ስጋት ያልወጣ ቢሆን፣ ነጥቡ ተቆልፎ ተቀምጦ ሌሎቹ በሚያደርጉት ጨዋታ ዕጣው ይወሰናል፤ ሌሎቹም ስንት ነጥብ እንደሚበቃቸው አስቀድመው ያውቃሉ። በአንድ ከተማ አንድ ሜዳ ብቻ ሲኖርም ስድስቱን ጨዋታ በአንድ ሰዓት ማስጀመር አይቻልም፤ ቀድሞ የተጫወተው በጭፍን፣ ዘግይቶ የተጫወተው ዓይኑን ገልጦ ይጫወታል። በመደበኛው ዘመን የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት የሚጀመሩት ስለዚህ ነው። በየከተማው ተዘዋውሮ የሚደረግ ውድድር ግድ ከሆነ፣ ቢያንስ የመጨረሻው ሳምንት ሦስትና አራት ሜዳ ባለበት አካባቢ መዋል አለበት።

ሦስተኛውን እንከን ደግሞ የአንበሳሜው መምህር በቆርኪዎቹ አሳይቶኛል። ቆርኪዎቹ ተከታትለው ስለሚዞሩ፣ ከብርቱው ቡድን በአንድ ወገን ሁለት ቦታ ርቆ የተሰለፈው ቡድን በአብዛኛው የሚያገኘው ተጋጣሚ፣ ባለፈው ሳምንት ከብርቱው ጋር ሲታገል የሰነበተውን ነው። በአራት ወይም በአምስት ቀን ልዩነት ሲጋጠሙ ይህ ድካም ይሰማል፤ ጉዳት ያገኘውም፣ ቀይ ካርድ ያየውም በዚያው ይታያል። ዕጣ ማውጣት ብቻውን ይህን አይፈውሰውም፤ ዕጣው ማን ከማን በኋላ እንደሚሰለፍ ይወስናል እንጂ ተከታታይነቱን አይበጥሰውም። መድኃኒቱ ለሁለተኛው ዙር ሰልፉን በሌላ ዕጣ አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው።

ከእንከኖቹ ሁሉ ጋር ግን፣ የ2013ቱ ሊግ ዋናውን ነገር አልጣለም፤ 13ቱም ክለቦች እያንዳንዳቸው 24 ጨዋታ፣ ከእያንዳንዱ ተጋጣሚ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ተጫወቱ። በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የተመራው ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ፣ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስርም ክለቡ 24 ጨዋታ ብቻ በነበረው ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዘመኑ አጭር ነበር ብሎ ይህን ክብር ሊቀንስ የሚችል የለም፤ ጨዋታው አንሶ ግቡ በዝቷልና።

ይህ እኩልነት ምን ያህል እንደሚከበር ለመረዳት፣ እርሱን ያጡትን ማየት ይጠቅማል። አሜሪካኖች የሚወዱት ቤዝቦል የተባለው ጨዋታ፣ አንዱ ኳስ እየወረወረ ሌላው በዱላ የሚመታበት፣ በመደበኛ ዘመን አንድ ቡድን 162 ጊዜ፣ በየቀኑ ለማለት እስኪቻል ድረስ፣ የሚጫወትበት ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ተጫዋቾች ሥራ አቁመው ዘመኑ ዘግይቶ ሲጀመር፣ የተሰረዙት ጨዋታዎች እንዳይካካሱ ተወሰነ፤ አንዱ ቡድን 156፣ ሌላው 155 ጨዋታ ተጫወተ። ዲትሮይት 86 አሸንፎ 70 ተሸነፈ፤ ቦስተን 85 አሸንፎ 70 ተሸነፈ። ዲትሮይት በዚያች ባልተስተካከለች አንዲት ጨዋታ የምድቡን አንደኛነት ወሰደ። በ1981 ደግሞ ሌላ የሥራ ማቆም አድማ ዘመኑን ለሁለት ሰነጠቀው። አስተዳዳሪዎቹም አድማው ካለፈ በኋላ፣ የሁለቱ እኩሌታ አንደኞች ለዋንጫ ይለፉ ብለው አዲስ ሕግ አወጡ። የሲንሲናቲ ቡድን በጠቅላላው 66 አሸንፎ 42 በመሸነፍ ከሁሉ የበለጠ ውጤት ነበረው፤ በሁለቱም እኩሌታ ግን ሁለተኛ ስለ ሆነ ከውድድሩ ውጭ ቀረ። 50 አሸንፎ 53 የተሸነፈው ካንሳስ ሲቲ ግን አለፈ። መሐል ላይ የወጣ ሕግ የሚያደርሰውን ግፍ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በኮሮናው ዓመት 162ቱ ጨዋታ ወደ 60 ወረደ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምረው መስከረም 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ጨረሱ፤ 60 ጨዋታ በ67 ቀን ማለት ነው። ጉዞን ለመቀነስ 30ውን ቡድን በምሥራቅ፣ በመካከልና በምዕራብ ከፍለው፣ እያንዳንዱ 40 ጨዋታ በራሱ ምድብ፣ 20 ጨዋታ ደግሞ በዚያው አቅጣጫ ካለው የሌላው ሊግ ምድብ ጋር እንዲጫወት አደረጉ። ስለዚህ የምሥራቁ ከምዕራቡ ጋር ሳይገናኝ በአንድ ሰንጠረዥ ተነጻጸረ። በሽታው በገባባቸው ቡድኖች የተነሣ ተስተካካይ ጨዋታዎች ሲከማቹ፣ በአንድ ቀን ሁለት አጫጭር ጨዋታ ማድረግ ግድ ሆነ፤ ሴንት ሉዊስና ዲትሮይት እንዲያም ተደርጎ ከ58 አላለፉም። ለመጨረሻው ውድድር የሚያልፉት ቡድኖች ቁጥርም በመክፈቻው ዕለት ከ10 ወደ 16 ከፍ ተደረገ፤ 29 አሸንፈው 31 የተሸነፉ ሁለት ቡድኖችም አለፉ። የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በ43 ድልና በ17 ሽንፈት ከሁሉ ልቆ፣ በኋላም ዋንጫውን ስላነሣ፣ ጥያቄው ተዳፈነ እንጂ አልተመለሰም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የውድድር ዘመን ሲያጥር፣ መቆረጥ ያለበት ርዝመቱ ነው፤ እኩልነቱ አይነካም። ሁለት ዙር ካልተቻለ አንድ ዙር ይሁን፤ አንድ ዙር ተኩል የሚባል ነገር አይኑር። በ16 ክለቦች አንድ ዙር ብቻ ቢደረግ 120 ጨዋታ ነው፤ ከ156ቱ ያንሳል፣ ለክለቦቹም በቂ ዕረፍት ይተዋል፤ ባለሜዳነቱንም በገለልተኛ ሜዳ በማድረግ ወይም በዕጣ ስምንትና ሰባት አድርጎ በማከፋፈል ማስታረቅ ይቻላል። ለተስተካካይ ጨዋታ የሚሆን ባዶ ሳምንት በየዙሩ መጨረሻ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተው፤ ባዶ ሆኖ ቢያልፍ የባከነ አይባልም። ለፉክክሩ ማድመቂያ ተብሎ ምድብ መፍጠርና ጥሎ ማለፍ መጨመር ለቴሌቪዥን ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን ዘመኑን ሙሉ የለፋውን ቡድን በአንድ ከሰዓት በኋላ ስሕተት ይቀጣዋልና አልደግፈውም። ከአድማሱ ወዲያ ዝናብ የሚታየው የአንበሳሜ መምህር እንኳ ወደዚያ አልሄደም።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በኮሮና ምክንያት የተጀመረው የከተማ ለከተማ ውድድር በሽታው ካለፈ በኋላም ቀጥሏል። በ2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የተነሣ ባሕር ዳር ከአስተናጋጆቹ ወጣች፤ የሰሜን ምዕራብ ደጋፊ በቅርብ የነበረውን አንድ ሜዳም አጣ። በ2017 ዓ.ም. የትግራይ ክለቦች ወደ ሊጉ ሲመለሱ፣ መርሐ ግብሩ እንደገና በአዲስ ቁጥር ተሠራ። እንዲህ ያለ መናወጥ ባለበት አገር፣ ነገ የሚሆነውን ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ነገ የሚሠራበትን ሥርዐት ዛሬ መጻፍ ግዴታ ነው።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበርና የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ፣ ዘመኑ ቢቋረጥ የትኛው ሰንጠረዥ እንደሚጸና፣ ክለብ በመሐል ቢወጣ ውጤቱ እንዴት እንደሚቆጠር፣ አስተናጋጅ ያልሆኑ ክለቦች በምን እንደሚካካሱ፣ የመጨረሻው ሳምንት በምን ያህል ሜዳ እንደሚደረግ በደንባቸው ይጻፉ፤ ለደጋፊውም ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት በይፋ ያሳውቁ። ሰላሙ ሲፈቅድም ፋሲለደስ ስታዲየምን ለሊጉ የሚበቃ አድርጎ ማደስ የክልሉና የጎንደር ከተማ አስተዳደር ዕዳ ነው። ሻምፒዮን የሆነ ክለብ በከተማው ሊጫወት ይገባዋል፤ ወረታና አንበሳሜ ያለው ደጋፊም ቲኬቱን ቆርጦ ሊያየው መብቱ ነው።